ወፍራም ክር ለሁሉም ማሽን አይሆንም፦ ስለ ሣር መቁረጫ ክር ለወጣ ምክር የተሰጠ ምላሽ

በክር ስለሚሠራው የሣር መቁረጫ ማሽን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙዎች ሲቀባበሉት አየሁ። ርዕሰ ጉዳዩ የክር አመራረጥ ነው። ምክሩ ባጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ይላል፦ በማሽኑ ቀዳዳ ማለፍ የሚችለውን እጅግ ወፍራም ክር ግዙ፤ ቅርጹ ባለ አራት ማዕዘን ወይም ኮከብ ይሁን፤ ጥንካሬውን ከቀለሙ ለዩ፤ ክር ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ የሚባለውን ተረት እርሱት፤ ማጠንጠኛውን ጢም አድርጋችሁ ሙሉ፤ ክሩ አልደርስ ካላችሁ በመከላከያው ላይ ያለችውን ምላጭ ንቀሉ፤ ቁጥቋጦ ካስቸገረ ሽቦ አስገቡ። በመጨረሻም ክር ለስላሳ ስለሆነ በዛፍ ሥር ያለ ሥጋት ይሠራበታል ይላል።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ገንዘብ ከማባከን አያልፉም። አንዳንዶቹ ማሽን ያቃጥላሉ። አንደኛው ግን ሰው ይገድላል። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ሣሩን በክሩ ጫፍ እንጂ በወገቡ አትምቱ፣ መነጽር ሳታደርጉ ማሽኑን አታስነሱ ያሉትንም ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። የማልስማማው በቀረው ነው።

ከውፍረቱ ልጀምር፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና። ወፍራም ክር ቶሎ አይበጠስም፣ ስለዚህ ምንጊዜም ወፍራሙ ይሻላል ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት አለው። ስህተቱ ያለው «ስለዚህ» በምትለዋ ቃል ውስጥ ነው።

ክር ስለት የለውም። ሣሩን የሚቆርጠው በፍጥነቱ ብቻ ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት የሚያጭድ ማሽን በደቂቃ 7000 ጊዜ ሲዞር የክሩ ጫፍ በሴኮንድ 147 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በሰዓት ሲሰላ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ቆሞ ሳለ የሚልመጠመጠው የናይለን ክር ቀጥ ብሎ የሚወጠረውም በዚሁ ዙር ምክንያት ነው። እንግዲህ ፍጥነቱን የሚቀንስ ማንኛውም ነገር የመቁረጥ አቅሙን ይቀንሰዋል፤ ያውም በእጥፍ። የምቱ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር የሚሄደው በካሬ ስለሆነ፣ ዙሩ በ20 በመቶ ሲወርድ ጉልበቱ በ36 በመቶ ይወርዳል።

ወፍራም ክር ደግሞ አየሩን እየሰነጠቀ ለመዞር የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ከ2.4 ሚሊ ሜትር ወደ 3.0 ሲኬድ፣ ርዝመቱና ዙሩ እኩል ቢሆኑ እንኳን፣ የአየሩ ተቃውሞ በሩብ ያህል ይጨምራል። ትልቅ የቤንዚን ሞተር ይህን ከቁብ አይቆጥረውም። ትንሽ የኤሌክትሪክ ወይም የባትሪ ማሽን ግን ወዲያው ዙሩ ይወርዳል፤ ክሩ ሣሩን መቁረጡን ትቶ መቦጨቅ ይጀምራል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጎንበስ ብሎ አንድ የተቆረጠ ቅጠል ማየት ይበቃል። በደንብ የተቆረጠ ሣር ጫፉ ቀጥ ያለ ነው። የተቦጨቀው ግን ጫፉ ተተልትሎ ነጫጭ ጭራ ያወጣል፤ ውሎ አድሮም ይገረጣል፣ ቦታው ሁሉ የደረቀ ይመስላል። ባለቤቱ ማሽኑ ደከመ ብሎ አጥብቆ ይጫነዋል፤ ሣሩ በማሽኑ ጭንቅላት፣ ማለትም ክሩን ይዞ በሚዞረው ክፍል፣ ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ሞተሩ ይግላል። የቤንዚኑ ከሆነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይበላል። የባትሪው ከሆነ ቻርጁ ከወትሮው ቀድሞ ያልቃል።

ሌላም ጸሐፊው ያላሰቡት ሒሳብ አለ። ማጠንጠኛው የሚይዘው ቦታ የተወሰነ ነው። ክሩ ከ2.4 ወደ 3.0 ሲወፍር የመስቀለኛ ስፋቱ በ56 በመቶ ያድጋል፤ በዚያው ማጠንጠኛ ላይ የሚገባው ርዝመት ደግሞ በ36 በመቶ ያንሳል። 6 ሜትር ይይዝ የነበረው 4 ሜትር እንኳን አይሞላም። ቶሎ አያልቅም ተብሎ የተገዛው ክር ቶሎ እንዲያልቅ ተደርጎ ገባ ማለት ነው። መሬት ሲነካ ወይም በራሱ ክር የሚለቅ ጭንቅላት ላይ ችግሩ ይብሳል፤ አሠራሩ የተቃኘው ለተወሰነ የክር ውፍረትና ክብደት ስለሆነ አንዳንዴ ይነክሰዋል፣ አንዳንዴም ያለ ልክ ይለቀዋል።

ታዲያ ስንት ይሁን? ቀላል የኤሌክትሪክና የባትሪ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ባለው ነው። መካከለኞቹ 2.0 እና 2.4 ይወስዳሉ። በትከሻ ማንገቻ የሚያዙት የባለሙያ የቤንዚን ማሽኖች 2.7፣ 3.0፣ አልፎ አልፎም 3.3 ያዞራሉ። ይህ ግምት ነው፤ ወሳኙ ቃል ማሽኑ ይዞት የመጣው መመሪያ ላይ ያለው ነው። ብዙ ጊዜም ልኩ በጭንቅላቱ ወይም በመከላከያው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ቀዳዳው ስላሳለፈው ብቻ ክሩ ልክ ነው ማለት አይደለም። መጀመሪያ ክሩ ለማሽኑ ይመረጣል፤ ሣሩ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ፣ መመሪያው በፈቀደው ክልል ውስጥ ነው። ለለስላሳ ሣር ቀጭኑን፣ አገዳው ለጠነከረ አረም ወፍራሙን። በ2.4 ማሽን ላይ ያለ ሰው ችግሩ የጣት ያህል የወፈረ ግንድ ከሆነ፣ መፍትሔው 3.3 ክር ፍለጋ መውጣት አይደለም፤ የብረት ምላጭ የሚቀበል ሌላ ማሽን ነው።

ጸሐፊው ክር መበጠሱን እንደ ነውር ቆጥረውታል። ክር የማሽኑ ቫልቮላ ነው። ድንጋይ ሲመታ፣ የአጥር ብረት ሲነካ፣ የተደበቀ ጉቶ ሲያጋጥም፣ ዘንጉና ኩሽኔታው ከመጎዳታቸው በፊት እሱ ይሄዳል። የማይበጠስ ክር መመኘት ቫልቮላውን አውጥቶ በቦታው ወፍራም ሽቦ እንደማሰር ነው። ይህን የምለው ጸሐፊው ዝቅ ብለው ይህንኑ ሽቦ ስላመጡት ነው፤ እደርስበታለሁ።

ወደ ቅርጹ ልለፍ። ባለ አራት ማዕዘንና ኮከብ መሳይ ክሮች ጠርዝ ስላላቸው አዲስ ሳሉ ንጹሕ አድርገው ይቆርጣሉ፤ ይህን አልክድም። ግን ያ ጠርዝ ዕድሜው አጭር ነው። ጫፉ ጥቂት እንደሠራ ይዶለዱማል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከክቡ የበለጠ አየር የሚገፋ ክር ነው። ሰፊ ክፍት ሜዳ ላይ፣ ብዙ ቅጠል ያለው አረም በሆነበት፣ ጠርዝ ያለው ይመረጥ። በግንብ ሥር፣ በጠጠር መንገድ ዳር፣ በአጥር ግርጌ ግን ጠርዙ የሚበላው ድንጋዩን ሲነካ ነውና ተራው ክብ ክር ይበልጠዋል። ጸሐፊው የዘለሉት ደግሞ የተጠማዘዘ ክር የሚባለውን ነው። የማሽኑ ፉጨት የሚመጣው በአብዛኛው አየሩ ከክሩ ጀርባ እየተሽከረከረ ሲላቀቅ ነው። ጥምዙ ይህን ሥርዓት ያፈርሰዋል፤ ድምፁ ይቀንሳል። ጎረቤት የሚያስቡ ሰዎች ይህን ማወቅ አለባቸው።

የቀለሙ ነገር ብዙ አያከራክርም። አንዳንድ አምራቾች ውፍረትን በቀለም ይለያሉ፤ ግን የአንዱ ብርቱካናማ የሌላው ቢጫ ነው። ሁሉንም የሚገዛ የጋራ ደንብ የለም። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፤ ማሸጊያው ከጠፋ በመለኪያ ካሊፐር ይለኩ።

አሁን ጸሐፊው «ተረት» ወዳሉት ወደ ውኃው እንሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ክሩ የሚሠራው ከናይለን ነው፤ ናይለን ደግሞ ከብዙ የፕላስቲክ ዘመዶቹ የሚለየው ውኃ ስለሚጠጣ ነው። ናይለን 6 የሚባለው ዓይነት እስኪጠግብ ውኃ ውስጥ ቢቆይ ከክብደቱ 9 በመቶ ገደማ ውኃ ይወስዳል። ውኃው የናይለኑን ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርስ የያዙትን ማሰሪያዎች ያላላቸዋል። በዚህ ምክንያት ክሩ ሲጎተት የመሸከም አቅሙ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሲመታ ግን አይሰበርም፣ ይታጠፋል። የሣር መቁረጫ ክር ሥራው መመታት ነው። ደረቅ መጋዘን ውስጥ የከረመ ክር ከድንጋይ ጋር ሲገናኝ ቀጭ የሚለው ለዚህ ነው። በእጅዎ አጥፈው ይሞክሩት፤ ደረቁ በታጠፈበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል ወይም ይሰነጠቃል፣ እርጥበት ያለው ግን ተጣጥፎ ይመለሳል።

እርግጥ ነው፣ የውኃው ወሬ የተጋነነበት ጊዜም አለ። አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ ያደረ ክር እምብርቱ ድረስ አይጠግብም፤ የሚረሰው ውጭኛው ክፍል ነው፤ ክሩ በወፈረ ቁጥር ደግሞ ውኃው ወደ ውስጥ ለመግባት የሚወስደው ጊዜ በካሬ ይጨምራል። ቢሆንም መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ውጭኛው ክፍል ስለሆነ የአንድ ሁለት ቀን መዘፍዘፍ ለአሮጌና ለደረቀ ክር ይጠቅማል። ለአዲስና በአግባቡ ለተቀመጠ ክር አስፈላጊ አይደለም። ፀሐይ ያቃጠለውን ክርም ውኃ አያድነውም፤ የፀሐይ ጨረር የሚያደርሰው ጉዳት ሰንሰለቱን ራሱን መቁረጥ ነውና።

ደግሞም ክር በተበጠሰ ቁጥር ጥፋቱ የክሩ ነው ማለት አይቻልም። ጸሐፊው «መጥፎ ክር» ብለው የዘጉትን ጉዳይ የተበጠሰው ጫፍ ራሱ ይናገራል። ማሽኑን አጥፍተው፣ የኤሌክትሪክ ከሆነ ከሶኬቱ ነቅለው፣ የባትሪ ከሆነ ባትሪውን አውጥተው ጫፉን ይዩት። እንደ ብሩሽ ከተበታተነ ጤነኛ ማለቅ ነው፤ ሥራውን ሠርቶ አለቀ። በአንድ ጊዜ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተሰበረ ደርቋል። ጫፉ የሚያብረቀርቅና የተደፈጠጠ ከሆነ ሙቀት አግኝቶታል። ክሩ ሁልጊዜ የሚበጠሰው ከጭንቅላቱ በሚወጣባት ቀዳዳ አፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ቀዳዳዋን የከበበችው የቀለበቷ ነው፤ ጥፍርዎን በቀለበቷ ጠርዝ ላይ ሲያዞሩ የሚይዝ ሻካራ ቦታ ያገኛሉ። እንዲህ ያለች ቀለበት እያለች የዓለም ምርጥ ክር ቢገባ ያው ይበጠሳል። ቀለበቷን መቀየር ከአንድ ጥቅል ክር ይቀላል።

የሙቀቱ ነገር ወደ ማጠንጠኛው ያመጣናል። ጢም አድርጋችሁ ሙሉ የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ አልገባኝም። ማጠንጠኛ ከጠርዙ ትንሽ ጎደል ብሎ ነው የሚሞላው። ክሩ ጎን ለጎን፣ ሳይደራረብና ሳይጠላለፍ፣ በቀስቱ አቅጣጫ መጠምጠም አለበት፤ ቀስቷ ብዙ ጊዜ በማጠንጠኛው ላይ ትገኛለች። ሁለት ክር ያለው ከሆነ ሁለቱ በየክፍላቸው ይጠመጠማሉ እንጂ አይደባለቁም። ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ የተደራረበ ክር እርስ በርሱ ይፋተጋል፤ ፍትጊያው ሙቀት ይፈጥራል፤ የሞቀው ናይለን ይለሰልስና ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ መሬት ቢያንኳኩት ክር አይለቅም። ከፍተው ሲያዩት ሁለት ሦስት ዙር ተበይዶ ያገኙታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ጋ ይሠራል፤ በችኮላ የተጠመጠመ ክር ሁለተኛ ይጠመጠማል።

ምላጯን ንቀሉ ስለሚለው ምክር ደግሞ። በመከላከያው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ምላጭ ጌጥ አይደለችም፤ ክሩ ከልኩ ሲያልፍ የምትቆርጠው እሷ ናት። ጸሐፊው እሷን ማንሳት «ስፋት ይጨምራል» ይላሉ። ስፋት ይጨምራል። ዋጋው ግን ምን ያህል እንደሆነ አልነገሩንም። ዙሩ እንዳለ ሆኖ ክሩ የሚያካልለው ክብ ከመሐል እስከ ጫፉ 15 ሴንቲ ሜትር የነበረው 20 ቢሆን፣ አየሩን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ምክንያቱ ጫፉ በራቀ ቁጥር መንገዱም ፍጥነቱም አብረው ማደጋቸው ነው። ሞተሩ ይህን ኃይል ከየትም አያመጣም፤ ስለዚህ ዙሩ ይወርዳል፣ ይግላል፣ በኤሌክትሪኩ ዓይነት ላይ ጠመዝማዛው ሽቦ ይቃጠላል። መከላከያውን ጭምር ያወለቀ ሰው ደግሞ ጠጠሩ በቀጥታ ወደ ቅልጥሙ ይመጣል። ምላጯ ከዶለዶመች ትሳል ወይም ትቀየር፤ አትነቀል።

ሽቦው ላይ ደርሻለሁ። እዚህ ላይ ጨዋነት የተሞላበት አለመስማማት አያዋጣም፤ ይህ ምክር ከጽሑፉ መውጣት አለበት። የሽቦ ቁራጭ፣ የብሬክ ገመድ፣ ሰንሰለት፣ ማንኛውም ብረት በክር ቦታ አይገባም። ቀደም ብዬ ያልኩትን ፍጥነት ያስታውሱ፤ በሴኮንድ 147 ሜትር። በዚያ ፍጥነት በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚዞር እያንዳንዱ ግራም ከ10 ኪሎ ግራም በላይ በሚሆን ኃይል ወደ ውጭ ይጎተታል። ናይለን ሲበጠስ ቀላል ነው፤ አየሩ ቶሎ ያዘገየዋል። ብረት ግን ከባድና ቀጭን ስለሆነ ፍጥነቱን ይዞ ይሄዳል። ሽቦ ሲታጠፍ ሲታጠፍ ይደክማል፤ መቼ እንደሚሰበር አያስጠነቅቅም፤ የተሰበረችው ቁራጭ ወዴት እንደምትሄድም የሚያውቅ የለም። መነጽር ዓይንን ከጠጠር ያድናል፤ ከዚህች ቁራጭ አንገትንና ሆድን የሚያድን ነገር ሠራተኛው አልለበሰም።

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ባወጣው ውሳኔ፣ በእጅ ለሚያዙ ቁጥቋጦ መቁረጫ ማሽኖች የሚሸጡ፣ እርስ በርስ በተያያዙ ብረቶች የተሠሩ መምቻ ጭንቅላቶችን አባል አገራት ከገበያ እንዲከለክሉ አዟል። ልብ በሉ፤ የተከለከለው በፋብሪካ ተሠርቶ ለሽያጭ የቀረበው ነው። በቤት የተቆረጠ ሽቦ ከዚያ ይሻላል ብሎ የሚከራከር ሰው ክርክሩ ውኃ አያነሳም። የማሽን መመሪያዎች ሰውና እንስሳ ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ የሚሉትም ለናይለን ክር ነው፤ ለሽቦ የሚበቃ ርቀት አልተጻፈም።

ጸሐፊው በመሐል «ሁሉም ያው የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው» ብለው ያለፉት ነገር ፈገግ አሰኝቶኛል፤ ምክንያቱም ግማሽ ታሪክ አለው። ይህን ማሽን እ.ኤ.አ. በ1971 በሂውስተን፣ ቴክሳስ የፈለሰፉት ጆርጅ ባላስ ሐሳቡን ያገኙት ከመኪና ማጠቢያ የሚሽከረከሩ ብሩሾች ነው፤ የመጀመሪያ ሙከራቸውም በቀዳዳ ቆርቆሮ ውስጥ በተሰካ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነበር። መነሻው እሱ ነው፤ ያ ማለት ግን ዛሬም ይተካዋል ማለት አይደለም። የዓሣው ክር የተሠራው ቀስ ብሎ የሚመጣን ጉተታ እንዲሸከም ነው። የሣሩ ክር በሌላ ቅመም የሚሠራው ምት እንዲችል ነው፤ ውፍረቱም ከማሽኑ ጋር ይስማማል።

የመጨረሻው ነጥብ የዛፉ ነው፤ ብዙ አንባቢ ያምነዋል ብዬ የምሠጋውም ይህንን ነው፤ «ክር ለስላሳ ነው» ሲባል ደስ ይላልና። አገዳ የሚቆርጥ ነገር ቅርፊት ይልጣል። ከዛፍ ቅርፊት ሥር ቅጠሉ ያዘጋጀውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርድ ስስ ሽፋን አለ። ክሩ የግንዱን ዙሪያ በተደጋጋሚ ሲመታ ይህ ሽፋን ይቆረጣል፤ ዙሪያውን ሙሉ ከተላጠ ሥሩ ይራባል። ዛፉ ግን ወዲያው አይደርቅም። ውኃ ወደ ላይ የሚወጣው በውስጠኛው እንጨት ስለሆነ ቅጠሉ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ሲደርቅ ባለቤቱ ድርቅን ወይም ተባይን ይከሳል እንጂ ማሽኑን አያስታውስም። ቅርፊቱ ገና ያልወፈረ ችግኝ ደግሞ በጥቂት ምት ያበቃለታል። ቀጭን ክር መርጦ፣ ዙር ቀንሶ መጠጋትም ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ከግንዱ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ያለውን ሣር በእጅ ነቅሎ ቦታውን በደረቅ ቅጠል ወይም በእንጨት ፍርፋሪ መሸፈን፣ ሽፋኑም ግንዱን ራሱን እንዳይነካ ጥቂት ክፍተት መተው ይሻላል፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ወደ ዛፉ የሚጠጋበት ምክንያት አይኖርም።